ጠያቂ ያጣ ሕመም

የታመመን ሰው መጠየቅ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ጸንቶ የኖረ ግዴታ ነው። ጎረቤት የታመመ እንደሆነ፥ የበሽታው ዓይነት ሳይታወቅና ሐኪም ሳይጠራ፥ አስቀድሞ ከደጃፉ የሚደርሰው ጠያቂ ነው። ጠያቂው «እግዜር ይማርህ» ብሎ ይገባል፤ እንዴት እንዳደረ፥ ምን እንደሚሰማው፥ እህል ቀምሶ እንደሆነ እያነሣ ከአጠገቡ ይቀመጣል። በነጋታውም ይመለሳል። በአማርኛ ሕመምተኛን ሄዶ ማየትም ሆነ በአንደበት ጥያቄ ማቅረብ «መጠየቅ» በሚለው በአንድ ግሥ ይነገራሉ። በኦሮምኛም «ጋፈቹ» የሚለው ግሥ ሁለቱን ሥራዎች አጣምሮ ይይዛል። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚነገሩባት በአዳማ ከተማ ይህ ባሕል የሁሉም ነው።

ከሕመሞች ሁሉ አንዱ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሆኖ ኖሯል፤ ይኸውም ሰው በገዛ እጁ ራሱን የጎዳ እንደሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ በሩን ይዘጋል፤ የመጣ እንግዳ ቢኖርም «ድንገት ታሞ ነው» ወይም «አደጋ ደርሶበት ነው» ተብሎ ይሸኛል። ጎረቤትም ነገሩን ቢሰማ፥ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ስለሚቸግረው ይቀራል። ስለዚህ ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ሰው ያጣል፤ እናቱ፥ ወንድሙና የክፍል ጓደኛውም ምክር የሚቀበሉበት ደጃፍ አያገኙም።

ራስን መጉዳት ሲባል ሰው አውቆ በገዛ አካሉ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሁሉ ያጠቃልላል። ሞትን ፈልጎ የሚደረግ አለ፤ ሞትን ሳይፈልግ፥ መሸከም ያቃተውን ጭንቀት ለማስታገሥ ብሎ የሚያደርገውም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሆኖም አንድ ጊዜ ራሱን የጎዳ ሰው ወደፊት ሕይወቱን የማጣት አደጋው ከሌላው ሰው የበለጠ በመሆኑ፥ ሁለቱም እኩል ትኩረት ይሻሉ። ለነዚህ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ረዳትና አማካሪ ሲፈለግ የቆየበት ታሪክ፥ በአንድ በኩል የርቀት ታሪክ፥ በሌላ በኩል የዝምታ ታሪክ ነው።

ባቡር፥ ሸንኮራና ጥጥ

አዳማ ከምድር ባቡር ጋር ያደገች ከተማ ናት። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ በስምጥ ሸለቆው ላይ የተዘረጉት ጣቢያዎች ከየአቅጣጫው ለሚመጣ ሠራተኛና ነጋዴ መናኸሪያ ሆኑ። በ1946 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአቅራቢያዋ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ሸንኮራ ለመቁረጥ ከደቡብ ደጋዎች ሳይቀር አያሌ ወጣቶች ወደ ቆላው ወረዱ። በዚያን ጊዜ የተተከለው የኑሮ ሥርዓት ዛሬም አልተለወጠም፤ ወጣቱ ከወላጆቹ፥ ከደብሩ ወይም ከመስጊዱ፥ ከሽማግሌዎቹም ተለይቶ፥ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል።

የከተማዪቱ የሕክምና ታሪክም ከዚሁ የሥራ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1938 ዓ.ም. የሜኖናይት የበጎ አድራጎት ሚሲዮን ቀድሞ የጥጥ መዳመጫ በነበረ ሕንጻ ውስጥ ሆስፒታል አቋቋመ። ይህ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ሲጠራ ቆይቶ፥ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ሆኗል። እዚያ የሠለጠኑት ድሬሰሮች ቁስል ማጠብን፥ መርፌ መውጋትንና ወባን መለየትን ተማሩ። ቁስሉን በራሱ ላይ ያደረሰው ሰው ግን ቁስሉ ታስሮለት ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር እንጂ፥ ከቁስሉ በስተኋላ ያለውን ነገር የሚጠይቅ የሙያ ክፍል በዚያ ዘመን ገና አልተፈጠረም።

ጥጥ ወደ አዳማ የተመለሰው ከሰባ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ተከፈተ፤ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳትም ዋና የሥራ ዘርፎቹ ሆኑ። እንደ ሌሎቹ የሀገሪቱ የአልባሳት ፋብሪካዎች ሁሉ፥ በስፌት መኪናዎቹ ፊት ከተቀመጡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገጠር ወጥተው ክፍል በጋራ የተከራዩ ናቸው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ዘገባ፥ በሌላዪቱ የስምጥ ሸለቆ ከተማ በሐዋሳ ፓርክ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደነበረ ገልጸዋል። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ይከፈላል፤ ለወላጅም ይላካል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስትታገድ ደግሞ፥ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ሥራ ቀነሱ፤ የሥራ ዋስትናም ይበልጡን ሳሳ።

ድህነት ብቻውን ሰውን ራሱን ወደ መጉዳት ያደርሳል ማለት ስሕተት ነው፤ የዚህ ሕመም ምክንያቱ ምን ጊዜም ከአንድ በላይ ነው። ነገር ግን ከታሪኩ አንድ ነገር ግልጽ ሆኖ ይወጣል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት፥ በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች በተደረገ ጥናት፥ የፋብሪካ ሥራ ከቀረበላቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፥ ከመቶ 77ቱ ደግሞ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሥራውን ትተዋል። ሰው በየወሩ በሚለዋወጥበት ቦታ፥ የጎረቤቱን ፊት አይቶ «ዛሬ ምን ሆነሃል?» የሚል ወዳጅ ለመፈጠር ጊዜ አያገኝም። የጠያቂው ባሕል የሚጸናው በመተዋወቅ ላይ ነውና።

የንስሐ አባት፥ ሼኽና ሽማግሌ

ከዘመናዊ ሕክምና በፊት ሕዝቡ ያለ አማካሪ አልኖረም። ክርስቲያኑ የንስሐ አባት አለው፤ ጠበልም ይጠመቃል። ሙስሊሙ ከሼኹ ዘንድ ሄዶ ያስቀራል። ኦሮሞው ለሽማግሌዎቹና ለቃሉው ነገሩን ያቀርባል። የንስሐ አባት ምሥጢር ጠባቂ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረም ልጆቹን ይጎበኛል። ይህ ሁሉ የአእምሮ ሕክምና መጻሕፍት ኋላ «ድጋፍ» ብለው ከሰየሙት ነገር ብዙውን በውስጡ የያዘ ነበር።

ይህንንም ቀደም ብለው የተገነዘቡ የሕክምና ሰዎች ነበሩ። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ኺልና ባልደረቦቻቸው በግዮን ማለት በወሊሶ ስለሚካሄደው የእምነት ፈውስ ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህ ከኺል ጋር ሆነው የአንድ ቄስንና የአንድ ሼኽን የፈውስ ሥራ መርምረው ጽፈዋል። ሐኪሞቹ እነዚህን ቦታዎች ለጥናት የመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሕመምተኛው አስቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነውና።

ይሁን እንጂ የጥንቱ ሥርዓት በአንድ በኩል እየደገፈ በሌላ በኩል በሩን ይዘጋ ነበር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ፥ ልቡናው እያወቀ የገዛ ሕይወቱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም። በእስልምናም ድርጊቱ ክልክል ነው፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት ግን የቀብር ጸሎቱን አይነፍጉትም። የእነዚህ ሥርዓቶች ዓላማ ሕይወትን ማስከበር መሆኑ አያጠራጥርም። በኑሮ ውስጥ የተከተለው ነገር ግን ቤተሰቡ እውነቱን መደበቁ ነው። ለቅሶ ደራሹ ይመጣል፥ እድሩ ድንኳን ይተክላል፥ ሆኖም የሟቹ አሟሟት አይነሣም፤ ሐዘንተኛዪቱ እናት «ምን ባደርግ ኖሮ ይድን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ለብቻዋ ስታብሰለስል ትኖራለች። በሕይወት የተረፈው ደግሞ የሞት ያህል ይሸሸጋል።

ሕጉ ከልማዱ ይልቅ ለዘብ ያለ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲገድል የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው እንጂ፥ በራሱ ላይ የሞከረውን ሰው አይደለም። ስለዚህ የተጎዳ ዘመዱን ወደ ሆስፒታል የሚያመጣ ሰው ለክስ አሳልፎ አይሰጠውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት የሥራ ጉዳት ካሣ አያስገኝም። ነገር ግን ይኸው አዋጅ ከሥራ ጉዳት ውጭ ለሚደርስ ሕመም እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፥ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፥ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ነው፤ ሐኪም ካረጋገጠው ይህን ፈቃድ የማይጠየቅበት ምክንያት የለም።

አንድ ሆስፒታል ለአንድ ሀገር

የአማኑኤል ሆስፒታል በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1930 ዓ.ም.፥ በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርተ ዓመታት ለመላው ኢትዮጵያ የአእምሮ ሕሙማን ብቸኛው ልዩ ሆስፒታል እርሱ ሆኖ ቆየ። ከሐረርጌም ሆነ ከከፋ ሕመምተኛውን ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ የቀናት መንገድ ይጓዝ ነበር። ከአዳማ የሚነሣ ሰው እንኳ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ማቋረጥ ነበረበት። መንገዱ ብቻም አልነበረም ከባዱ፤ የሆስፒታሉ ስም በሕዝቡ አፍ የስድብ ቃል በመሆኑ፥ ወደዚያ መሄድ ራሱ ሌላ ሐፍረት ይጨምር ነበር።

ይህን ርቀት ለማሳጠር ከተወሰዱት እርምጃዎች ከሁሉ የላቀው የነርሶቹ ነው። በ1979 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት ድጋፍ በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። በሥራ ላይ የቆዩ ነርሶች ለአንድ ዓመት እየሠለጠኑ፥ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተመደቡ። በዚህ አኳኋን የአእምሮ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ግቢ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ሄደ። የሐኪሞቹ ቁጥር በአንጻሩ በዝግታ ነው ያደገው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን በጀመረበት በ1995 ዓ.ም.፥ ለ70 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ።

የችግሩ ስፋት በቁጥር የታወቀውም በዚሁ ዘመን ነው። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ አጠገብ በምትገኘው በቡታጅራ ከ10,000 በላይ ጎልማሶችን ቤት ለቤት አነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፥ ከመቶ 3.2 የሚሆኑት በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ያውቃሉ። በአዲስ አበባ በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ከመቶ 0.9 ነበር። ከነዚህ ቁጥሮች በስተኋላ ያለው ቁም ነገር፥ ነገሩ በኢትዮጵያ የለም የሚለው አስተሳሰብ መውደቁ ነው። ሰዎቹ ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ የጠየቃቸው አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ደግሞ፥ ከጽኑ የአእምሮ ሕሙማን ዘመዶች ከአራት ሦስቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። የሕመሙ ሐፍረት ከሕመምተኛው አልፎ ቤቱን ሁሉ እንደሚይዝ ከዚህ ይታያል።

ከሎንዶን እስከ ኮሎምቦ

በሌላው ዓለም የተደረጉት ሙከራዎች ለኢትዮጵያ እንግዳ የሆነ ትምህርት የያዙ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1953 ቻድ ቫራ የተባሉ የእንግሊዝ ቄስ፥ ሕይወታቸውን ለማጥፋት ያሰቡ ሰዎች በስልክም ሆነ በአካል እንዲያማክሩአቸው በሎንዶን አንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አገልግሎት ከፈቱ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ብዙ ስለነበሩ፥ ተራ ምእመናን እየመጡ ሻይ ያቀርቡላቸውና ያጫውቷቸው ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንድ ነገር ተስተዋለ፤ ከአጫዋቾቹ ጋር የተቀመጡት ብዙዎቹ ሸክማቸው ቀሎላቸው ቄሱን ሳያዩ ይመለሱ ጀመር። ሳማሪታንስ የተባለው ማኅበር የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ቡና አፍልቶ ጎረቤት መጥራት ለለመደ ሕዝብ ይህ ግኝት አያስደንቀውም።

በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ጄሮም ሞቶ የተባሉ ሐኪም ከሆስፒታል ወጥተው ክትትሉን ከተዉ 843 ሕሙማን ለግማሾቹ አጫጭር የሰላምታ ደብዳቤዎች እንዲላኩላቸው አደረጉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ከደረሳቸው ወገን በገዛ እጃቸው የሞቱት ከሌላው ወገን ያነሱ ሆኑ። ከዚህም የበለጠ ለድሃ አገሮች የሚስማማው፥ በዓለም የጤና ድርጅት አስተባባሪነት በብራዚል፥ በሕንድ፥ በስሪ ላንካ፥ በኢራንና በቻይና የተደረገው ጥናት ነው። ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ወደ ድንገተኛ ክፍል ከመጡ 1,867 ሰዎች እኩሌቶቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። የቀሩት ግን ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ምክር ተሰጣቸው፤ በቀጣዮቹ 18 ወራትም ውስጥ ነርስ ወይም ሌላ ባለሙያ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም ቤታቸው ድረስ በመሄድ ጠየቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት፥ ከመጀመሪያው ወገን 18፥ ከሁለተኛው ወገን 2 ሰዎች በገዛ እጃቸው እንደሞቱ አሳየ። መድኃኒቱ ጥያቄና ተመላልሶ መምጣት ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ የቆየ ፍርሃት መወገድ ይገባዋል። ሰውን «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ መዝራት ይመስላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ልዩ ባለሙያ ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ በግልጽ እንደ ሰፈረው፥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ድርጊቱን አያነሣሣም፤ እንዲያውም የተጠየቀው ሰው ብዙ ጊዜ እፎይ ይላል።

ጠያቂው በፋብሪካው ደጃፍ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2012 ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አውጥታለች። ስትራቴጂው የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያዎችና በአጠቃላይ ሆስፒታሎች እንዲሰጥ አቅጣጫ አስቀምጧል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ባለሙያዋን ከቤተሰቡ ደጃፍ አድርሷታል። ከአማኑኤል ግቢ የተነሣው ጉዞ እስከዚህ ደርሷል። የቀረው መንገድ በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም፤ ባለሙያው ከቁስሉ አልፎ እንዲጠይቅ፥ ከጠየቀም በኋላ እንዲመለስ የሚያደርግ ልማድ ነው።

ከዚህ ታሪክ በመነሣት፥ እንደ አዳማ ባለ የሠራተኛ ከተማ የሚያገለግል ነርስ፥ ሐኪም፥ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ረቂቅ አይደለም። ራሷን የጎዳች ወጣት ወደ ድንገተኛ ክፍል ስትመጣ፥ ቁስሏ ያለ ወቀሳና ያለ ስብከት ይታከማል። ከዚያም ከሰው ጆሮ ራቅ ብሎ፥ ምን እንደደረሰባት፥ አሁንም ሐሳቡ እንዳለባት ትጠየቃለች። አደጋው የቀረበ መስሎ ከታየ ብቻዋን አትተውም፤ ለጉዳት የሚውል ነገር ሁሉ ከአጠገቧ ይርቃል፤ የአእምሮ ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታልም ሰው አብሯት ይሄዳል። ወደ ኪራይ ክፍሏ ስትመለስ የሚቀበላት ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የሚመለስባት ባለሙያና ቀኑም ይወሰናል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥየቃ ይደጋገማል፤ እያገገመች ስትሄድ ይራራቃል እንጂ በድንገት አይቋረጥም። ምሥጢሯ ያለ ፈቃዷ ለአሠሪ አይነገርም።

ለቤተሰብና ለክፍል ጓደኞች የሚሰጠው ምክርም ከዚህ አይርቅም። የሰው ነፍስ ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ የሚጠበቀው በአጠገቡ ባለ ሰው ነው። ጓደኛዋ ሐኪም መሆን አያስፈልጋትም፤ ሰምታ አለማውገዝ፥ «ለማንም አልናገርም» ብላ የማትጠብቀውን ቃል አለመግባትና ወደ ጤና ጣቢያ አብራ መሄድ ይበቃታል። የንስሐ አባቱና ሼኹም ከዚህ ሥራ ውጭ መሆን የለባቸውም፤ ጠበሉ ከክኒኑ ጋር፥ ጸሎቱም ከቀጠሮው ጋር እንዳይጣላ አስቀድሞ መነጋገር ያሻል። ለሐዘን ድንኳን ለመትከል የማይታክተው እድር፥ ሰው ሳይሞት የሚጠይቁ አባላትን ቢመድብ ከዓላማው አይወጣም። በዚህ ሕመም ዘመዱን ያጣ ቤተሰብም ቢሆን፥ ከሠልስት በኋላ ተመልሶ የሚጠይቀውና የሟቹን ስም ያለ ሐፍረት የሚያነሣለት ሰው ይገባዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት የቅርብ ግምት እንደሚያመለክተው፥ በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከዕድሜ ክልል ሁሉ በተለይ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ውስጥ ይህ ሞት ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በፋብሪካዎቹ ውስጥ ከስፌት መኪናው ፊት የሚቀመጠው ትውልድም ይኸው ነው። በ1938 ዓ.ም. በአዳማ የጥጥ መዳመጫው ሆስፒታል ሲሆን፥ ሕንጻውን ከለወጠው እጅ ይልቅ ደጃፉን አልፎ የገባው ሕመምተኛ መጠየቁ ነበር ቁም ነገሩ። ዛሬም ፈረቃው ተለውጦ ሠራተኞቹ ከፓርኩ ሲወጡ፥ ከመካከላቸው አንዲቱ ለሁለት ቀን ሳትታይ የቀረች እንደሆነ፥ በሯን አንኳኩቶ «ምን ሆነሽ ነው የጠፋሽው?» የሚላት ሰው መኖር አለበት። የሙያው ሥራ የሚጀምረውም ከዚህ ጥያቄ ነው።